ሰባት ቤት ልቆጥር ወደ ቦረና

ይህን የምጽፈው ቦረናን ለማታዩ ሰዎች ነው። ቦረና ስል የወሎውን፣ የመካነ ሰላሙን ማለቴ ነው። የደሴ ሰው ቅቤውን እንጂ አገሩን አያውቅም፤ ሄደህ ታውቃለህ ወይ ብትሉት "መንገዱ ክፉ ነው" ይላችኋል። እኔም ያው ነበርኩ። የአባቴ አገር ሆኖ ሳለ ሃምሳ ዓመት እስኪጠጋኝ አልረገጥኩትም። የወሰደኝም ናፍቆት አይደለም፤ ሠርግ ነው።

የወንድሜ ልጅ የሺ፣ አባቷ ከሞተ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በመርፌ አስተምሬ ድሬሰር አደረግኳት። በረሃቡ ጊዜ ሰዉ ከየገጠሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ መጠለያ ውስጥ ተመደበች። ጠዋት ጠዋት አጥሚት በጣሳ እየቀዳች ለሰልፈኛው ታድል ነበር። በርሜሉን የሚሸከምላት በፈቃዱ የመጣ ደሳለኝ የሚባል አስተማሪ ነበር። እንዲያ ሞት በበዛበት ቦታ ፍቅር ይይዛል ብሎ ማን ያስባል? ያዛቸው። ረሃቡ በረድ አለ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ አገሩ ተገለባበጠ፤ የሁለቱ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ።

ጣጣው የመጣው በሽምግልናው ዕለት ነው። የልጁ አጎት ጋሽ መንገሻ ጠጅ ቤት አለው፤ የራሱን ጠጅ ከሁሉም አብልጦ ይወዳል። ሞቅ ሲለው "የእናቴም አገር እኮ ቦረና ነው!" አለ። የነፍስ አባታችን ብርሌያቸውን አስቀመጡ። መቼም የኛ ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር አያጋባም፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ሁለቱ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፣ አለቀ። "ቆጥራችሁ ኑ። ያለዚያ እኔ እጄን አላስገባም" አሉ አባ። ከሴቷ ወገን እኔ፣ ከወንዱ ወገን ጋሽ መንገሻ እንድንሄድ ተወሰነ።

እኔ በበኩሌ ሐሳብ አልገባኝም። ዘሬን አውቃለሁ ባይ ነኛ! አባቴ በየዓመት በዓሉ ጢሙን እየጠረገ "እኛ የጓሉ ዘር ነን። ጓሉ በክፉ ቀን ጎተራውን ከፍቶ አገር ያበላ ሰው ነው" ይለን ነበር። ክፉ ቀን የሚባለው በአያቶቻችን ዘመን ከብቱ አልቆ ሰዉም የተከተለበት ረሃብ ነው። ጋሽ መንገሻ ግን እናቱ እናኑ እንደምትባል ያውቃል፤ ከሷ በላይ ያለው ጨለማ ነው። "የእናትህን እናት ስም ሳታውቅ እንዴት ሰው ፊት ትቀመጣለህ?" ልለው ይቃጣኝና፣ ገና አንቱ የምንባባል ነበርንና እተወዋለሁ።

የሺ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። "አክስቴ፣ ዘመድ ከሆንን ዘመድ ናችሁ በይኝ። በውሸት አላገባም" አለች። "እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ማክሰኞ

የሄድንበት የእርዳታ እህል የሚያደርስ የጭነት መኪና ነው። እኔ ጋቢና፣ ጋሽ መንገሻ ከጆንያው ላይ። ደሴ ይበርዳል የሚል ሰው ጉጉፍቱን ይቅመስ! ሁለት ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጋሽ መንገሻ ሲወርድ ጣቱን ማጠፍ አቅቶት ሻዩን ሰው አጠጣው።

አቀስታ ሳንደርስ የበልግ ዝናብ ያዘን፤ መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ዳባቸውን ለብሰው ወረዱ። አያ ሙሄ ይባላሉ። "አብሽሩ፣ አብሽሩ! ብረት ነው፣ ነገ ይወጣል። ሰው ደህና ነው?" አሉና ከሹፌሩ ጋር ሦስታችንንም ይዘውን ወጡ።

ሚስታቸው ዘይነባ እግራችንን በሙቅ ውሃ አጠበችን። ደሴ ውስጥ በሬን በሌሊት አንኳኩቶ የመጣ መንገደኛ እግሩን አጥቤለት አውቃለሁ? ኧረ በሩንም አልከፍት። ሳትታክት እሳቱን ስታነድድ ቆየችና ብድግ ብላ በዝናቡ ዶሮ ታባርር ጀመር። "ኧረ በማርያም ተዪ!" አልኩ። በዚያ ግቢ ከረሃቡ የተረፈች ዶሮ ያቺ ብቻ ናት፤ ይህን ለማወቅ መጠየቅም አላስፈለገኝ። አያ ሙሄ ግን "እንግዳ ሽሮ በልቶ አደረ ብለን ወላሂ ጎረቤት እንዴት እናያለን?" አሉ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን እነሱ ከኛ በላይ ይጠነቀቁበታል። የክርስቲያን እንግዳ ድስት ከነክዳኑ ለብቻው ተሰቅሏል። የሚያርድላቸው ክርስቲያን ጎረቤት ግን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ሹፌሩም እስላም ነው። ሁላችንም ዞረን ጋሽ መንገሻን አየነው።

"እኔ?" አለ።

ዕድሜውን ሙሉ ጥብስ ሲሸጥ የኖረ ሰው በእጁ አርዶ አያውቅም! ቢላዋውን ተቀበለና ዓይኑን ጨፈነ። ዶሮዋ አልጨፈነችም። "በስመ አብ" ሲል ከእጁ ሾልካ በበሩ ወጣች። ጋሽ መንገሻ በካልሲው፣ አያ ሙሄ በባዶ እግራቸው፣ በዚያ ዝናብ ተከትለዋት ወጡ። ዘይነባ ሳቋ ገድሏት ምሰሶውን ይዛ ቀረች። ሲመለሱ ዶሮዋ ከጋሽ መንገሻ ብብት ውስጥ ናት፤ እሱ ግን እስከ ጢሙ ጭቃ ነው።

"ከሁለታችሁ ማን ነው የሚታረደው?" አልኩት። በዚያው አንቱታው ከመካከላችን ጠፋ።

ወጡን የበላነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ባለቤቶቹ ቆሎ እየቆረጠሙ "ብሉ፣ ብሉ" ይሉናል። የመጣንበትን ጉዳይ ስንነግራቸው አያ ሙሄ ሳቁ። "እኛ ብንሆን የአጎት ልጅ ናት ተብሎ በሬ ይታረድላት ነበር። እናንተ ደግሞ ሰባት ቤት! ያ ረቢ፣ በዚህ ዘመን ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ሽማግሌ ተርፏል?" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን። "አላህ ያግራላችሁ። ልጆቹን አይለያያቸው።"

ረቡዕና ሐሙስ

መኪናው በጠዋት በሰው ጉልበት ወጣ፤ አቀስታ ደርሶ ግን ሹፌሩ በዚህ ጭቃ ከዚህ አላልፍም አለ። በቅሎ ተከራየን። ጋሽ መንገሻ ከበቅሎዋ ጋር የተጣላው ገና ሳይወጣባት ነው። በግራ ሲመጣ ትዞራለች፣ በቀኝ ሲመጣ ትዞራለች። "እሷም ሰባት ቤት እስክትቆጥርልህ ነው የምትጠብቀው" አልኩት። ግማሹን መንገድ በእግሩ ሄደ፤ እንዲያውም ልጓሙን ይዞ እሱ የሷ ሎሌ ይመስል ነበር።

አገሩ ያምራል ልላችሁ እችላለሁ፤ ያምራልም። የበልግ ገብሱ ብቅ ብሏል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ግን በየመንደሩ ጣሪያው የገባ ጎጆ አለ፤ በሩ ላይ እሾህ የተጋረደበት። አንዱን "የማን ነው?" ስንል "የነእገሌ ነበር፤ ወደ ደሴ ወርደው ቀሩ" ይሉናል። የት እንደቀሩ የሺ ታውቃለች። እኔም አንድ ሁለት ቀን መጠለያው ድረስ ስንቅ ሳደርስላት አይቼ ፊቴን አዙሬ ተመልሻለሁ።

ዓርብና ቅዳሜ

መካነ ሰላም ያደርንበት ቤርጎ አልጋው ጥሩ ነው፤ ትኋኑ ግን ከኛ በፊት ተከራይቶታል። ባለቤቲቱ ስናክክ አይታን እንደ መከፋት አለችና የራሷን ቤት አልጋ ለቀቀችልኝ፤ ጋሽ መንገሻ ወንበር ላይ አደረ። ከተማዋ ከደሴ አንድ ሰፈር አትበልጥም። ወሬዋ ግን ያው የደሴው ነው፦ አዋጅ፣ ማኅበር፣ ዘማች።

ቅዳሜ ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል ወዳለችው የአባቴ አጥቢያ፣ ወደ ማርያም ሄድን። ያሳረፉን አያ በለጠ ናቸው፤ የአገሩ ቆጠራ አዋቂ። በዚህ አገር ርስት የሚገኘው በአያት ነበር። የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ያስመሰከረ ከዚያ አያት መሬት ይካፈላል፤ ስለዚህ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው እንደ ጠበቃ ይከበራል። አያ በለጠ የመጣንበትን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "እናንተን እመቤቴ ናት የላከቻችሁ! አዋጁ ከመጣ ወዲህ አያት የሚያስቆጥረኝ ሰው አጥቼ አፌ ዛገ እኮ" አሉ።

እሑድ

በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከቅጥሩ ጥግ ካለች ጎጆ የሕፃን ልጅ ድምፅ ሰማሁ። "ዘነበች ነኝ፣ የአሰፋ ልጅ፣ የይመር የልጅ ልጅ፣ አገሬ ከማሻ በላይ።" እንደገና ደግሞ ከመጀመሪያው። "ማን ናት?" አልኩ። "እማሆይ ወለተ ማርያም ጋ ያለች ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያስብሏታል" አሉኝ። ጸሎት ሳያስተምሯት ምን ሆነው ነው ብዬ አለፍኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ካባ ያጠለቀ አንድ የለም፤ ሁሉም ከሲታ ነው። ከዘመቻው ጣቢያ የመጣች አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ ከዳር ቆማለች። አያ በለጠ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሲጀምሩ "አባባ፣ የዘር ቆጠራ ቀረ እኮ! ይሄ የፊውዳል ነገር ነው" አለቻቸው።

"ልጄ፣ መሬቱን ውሰጂው። አያቴን ተይልኝ" አሏት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አፏን በደብተሯ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ ከሁሉም አብልጣ አዳመጠች።

አያ በለጠ መጀመሪያ የጋሽ መንገሻን የአባት ወገን ቆጠሩ፤ ከኛ ጋር አይነካካም። የኛን ሴት ሴቱንም ቆጠሩ፤ አይነካካም። ጋሽ መንገሻ ጎኔን በክርኑ ነካ አደረገኝ። ከዚያ ወደ እሱ እናት መጡ። "እናኑ። እናኑን ወልዳ ደሴ የዳረቻት አስካለ ናት። የአስካለ አባት..." አሉና ቆሙ። ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"የአስካለ አባት ጓሉ ነው።"

"ጓሉ የቱ?" አለ ጋሽ መንገሻ።

"ጎተራውን የከፈተው ነዋ! የዚህች የበላይነሽ ቅድመ አያት።" ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "ጓሉ ይርጋን ወለደ፣ ይርጋ አባተን፣ አባተ ታደሰን፣ ታደሰ የሺን። ጓሉ አስካለን ወለደ፣ አስካለ እናኑን፣ እናኑ ከተማን፣ ከተማ ደሳለኝን። በአራተኛው ቤት ተገናኙ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

ለቅሶ ቤት የሚባለውን ነው ያሉን፤ ለቅሶም ነበር። ጋሽ መንገሻ ነጠላዬን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት ሰው ተነሥቶ ልጄን ቀማኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ መንገሻ ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝ። "ስሚኝ በላይነሽ። ከደሴ እዚህ ድረስ ማን ይመጣል? ስምንተኛ ቤት ነው እንበል። ስምንት ቢሉት አራት ቢሉት ለጓሉ ምን ገዶት? ሞቷል።"

ወይ ፈተና! ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ግን የሺ መኪናው ሥር ቆማ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር አይደለም። "ዋሽቼ ብድራት በዓይኔ ታውቀኛለች" አልኩት። እሱም አልተከራከረኝም።

ሰኞ

በቅሎዎቹ ተጭነው ሳለ እማሆይ ወለተ ማርያም አስጠሩኝ። "ያንንም የአስካለን የልጅ ልጅ ይዘሽው ነይ" ብለዋል። ጎጆዋ ትንሽ ናት፤ ዘነበች በር ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጋሽ መንገሻን አስጎንብሰው ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

"እኔ የጓሉ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። አስካለ ታላቅ እህቴ ናት። አፍንጫህ የሷ ነው" አሉት። ጋሽ መንገሻ ጉልበታቸውን ሳመ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ፤ ከመሬቱ አልነሣም አለ።

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ የይርጋ የልጅ ልጅ፣ ትናንት ከቅጥሩ ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። በሰው ፊት የማልናገረው ነገር ስላለብኝ ዝም አልኩ። አሁን ስሚ። ይርጋን ጓሉ አልወለደውም።"

"ይህን በምን አወቁ?" አልኩ።

"እኔ አልነበርኩም፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። በክፉ ቀን ከላስታ በኩል የወረዱ ስደተኞች በዚህ አለፉ። አባቴ ጎተራውን ከፍቶ የሰጠው ለነሱ ነው። ሲሄዱ አንድ ልጅ ከአጥሩ ሥር ቀረ፤ ጎመን በጥሬው ይበላል። ማተብ አለው፣ ስም የለውም። ስምህ ማነው ሲሉት ያያል እንጂ አይናገርም። ረሃቡ ስሙን አስረስቶታል። አባቴ እዚሁ ይርጋ አለና ይርጋ ተባለ። እኔን በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ርስቱስ?" አልኩ።

"አባቴ ሲሞት ወንድሞቹ ይርጋን ከመሬት ሊነቅሉት ተነሡ። እናቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ማለች። 'ባሌ ዘመቻ ሄዶ ከሌላ ሴት ወልዶ ያመጣው ልጁ ነው' አለች። የገዛ ባሏን አመንዝራ ያለችን ሴት ማን ይጠራጠራል? ይርጋ መሬቱን አገኘ። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ እስክትሞት ቅቤ አልቀመሰችም። በየዓመቱ መቃብሩ ላይ ሄዳ 'ጓሉዬ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ፣ ለልጁ ብዬ ነው' ትል ነበር።"

"እማሆይ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገሩም?"

"ልናገርና የይርጋ ልጆች ከመሬቱ ይነቀሉ? እዚያ ማዶ የሚያርሱት የአጎትሽ ልጆች ናቸው። አሁን ግን መሬት ያራሹ ነው ተባለ። አያት ቆጥሮ ሰው የሚነቅል የለም። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ለማን ብዬ ነው? ጡት አልተጣባም፣ ክርስትና አላነሣነውም። ወንድሜ ነው፤ ሥጋዬ ግን አይደለም። ለነፍስ አባትሽ እንዲህ አለች በይ። ለዚህ አጥቢያ ቄስም እኔው ራሴ እናገራለሁ።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ነው። አባቴ ጢሙን እየጠረገ "የጓሉ ዘር ነን" ሲል ታየኝ። "የኛስ ሰው ከየት ነው እማሆይ? አባቱ ማን ይባላል?" አልኩ።

"እሱን እግዚአብሔር ያውቃል" አሉና ወደ በሩ ጮኹ። "ዘነበች! እስቲ በዪ!"

"ዘነበች ነኝ፣ የአሰፋ ልጅ፣ የይመር የልጅ ልጅ፣ አገሬ ከማሻ በላይ" አለች ልጅቱ፣ ባቄላዋን ሳትተው። በዚህ በአሁኑ ረሃብ እናቷ እዚያው ቅጥር ሥር የሞተችባት ናት። እማሆይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ሳያስብሏት አንድ ጠዋት አላሳለፉም።

ደጅ ስንወጣ ጋሽ መንገሻ ቀበቶውን አስተካከለ። "ቆይ እስቲ፣ ያ ሁሉ የጓሉ ዘር ነኝ እያልሽ ያሳየሽኝ ኩራት የኔ ኖሯል?" አለ። መታሁት፤ ከዚያ ተቃቅፈን ሳቅን።

ስንመለስ

መካነ ሰላም ገበያ አንዲት ዶሮ ገዛን። ጋሽ መንገሻ አቀስታ ድረስ በቅሎዋ ላይ አቅፏት መጣ፤ ዘይነባ ስታያት "ኧረ ይሄ እብድ ነው!" አለች። አያ ሙሄ ይቺ ዶሮ አትታረድም ብለው ፈረዱ። አሁንም እንቁላል ትጥላለች አሉ።

በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ የሁለቱ ወገን ሰዎች አባ ዘንድ ተሰበሰብን። የሺና ደሳለኝ በሩ አጠገብ ናቸው፤ የሺ እጇን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራዋለች። "ቁጠሪ" አሉኝ አባ።

"የሺ የታደሰ ልጅ። ታደሰ የአባተ ልጅ። አባተ የይርጋ ልጅ።" ምላሴ ከልማዱ ወደ ጓሉ ሊንደረደር ሲል ያዝኩት።

"ይርጋስ?"

"ከይርጋ በላይ ክፉ ቀን ነው፣ አባ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አጥሩን፣ ጎመኑን፣ መሐላውን፣ ቅቤውን። ሳወራ ፊቴ ይግል ነበር፤ ወዳጅ ጎረቤቱ ሁሉ የጓሉ ዘር መሆኔን ከኔው አፍ የሰማ ነው። ጋሽ መንገሻ ተነሣና "እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቤታችን ልጅ ነው፣ ሥጋችን አይደለም። ምስክር ነኝ" አለ። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ "ሥጋ አልተገናኘም። ይጋቡ" አሉ።

ቤቱ በዕልልታ ተናጋ። እኔ የሺን አየሁ፤ ራሷን ደፍታ ታለቅሳለች። አፈረች ብዬ ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ "ምነው ልጄ? በዘርሽ ከፋሽ?" አልኳት።

ቀና አለች። "አክስቴ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ አጥሚት ስቀዳ የነበረው ለዘመዶቼ ነው" አለችኝ።